ስለማይኬድበት መንገድ

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ ያደረግነው ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንነግራችሁ የመጣነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስተኛ ይመስላል። የንግግሩን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፍን ጊዜ አንድ ወዳጃችን ቆሞ አነበበና «ይኸስ እንቅልፍ ላጣ ሰው መድኃኒት ነው» ብሎን ሄደ። እርሱም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጦ ስላየነው ደስ ብሎናል። እንግዲህ እንዳይተኛብን እንሞክራለን።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ሀብት ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሚያከፋፍለውም ሀብት ዋነኛው ማኅደረ ትውስታ ነው። አንድ ፕሮግራም ቦታ በጠየቀ ጊዜ ከሁለት አንዱን መልስ ያገኛል፤ ወይ «ይኸውልህ» ይባላል፤ ወይም «የለም» ይባላል። «ይኸውልህ» ከተባለ በኋላ የሚሠራውን ሁላችንም በደስታ እንጽፋለን፤ እንፈትነዋለን፤ ለሰውም እናሳያለን። «የለም» በተባለ ጊዜ የሚሠራውን ግን የምንጽፈው እየቸኮልን ነው፤ የሚያነበው ሰው የለም፤ ማሽኑም ራሱ ዓመት ሙሉ ላይሄድበት ይችላል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው። ይልቁንም ሌላ ሰው የጻፈውን እንዲህ ያለ ኮድ ተቀምጦ ስለ መመርመር ነው።

ለምን ይኸን መረጣችሁ ብትሉን፣ ስላፈርን ነው። ባለፈው ዓመት አምስት ሆነን ለአንድ ትምህርት ትንሽ የማኅደረ ትውስታ አደላዳይ ሠርተን ነበር። ዋናውን ክፍል አንድ ጓደኛችን ጻፈው፤ እኛ አራታችን መርማሪዎች ሆነን ከሥሩ ስማችንን አኖርን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ስማችንን ያኖርነው ሁሉን አንብበን አልነበረም። ሥራው በሚቃናበት በኩል ያለውን በጥንቃቄ አነበብን፤ ስሕተት የሚስተናገድበትን ግን ዓይናችንን ጣል አድርገንበት አለፍን። በማሳያው ቀን ፈታኙ ለፕሮግራሙ የፈቀዱለት ቦታ እኛ ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ነበር። ፕሮግራሙ ቦታ ጠየቀ፣ አገኘ፤ ደግሞ ጠየቀ፣ አገኘ፤ ከዚያ «የለም» ተባለና ዝም አለ። ጠበቅን። አልተነሣም። በኋላ ስናየው ጥፋቱ የአንድ መስመር ነበር። ፈንክሽኑ ሲገባ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ሥራው ተቃንቶ ሲወጣ ይከፍታል፤ በስሕተት በኩል ሲወጣ ግን ሳይከፍት ይሄዳል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጠያቂ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ማርክ የተቀነሰው ከጻፈው ጓደኛችን ነው። የፈረምነው አራታችን ምንም አልጎደለብንም። እርሱም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰንም፤ ቢወቅሰን ኖሮ ይቀልለን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን፣ እርሱም ከእኛ ጋር ሆኖ፣ የሊኑክስን ከርነል የማኅደረ ትውስታ ክፍል እናነባለን። ሊኑክስን የመረጥነው ምንጩ ለማንም ክፍት ስለ ሆነና ጥፋቱም ከነማስተካከያው፣ ከነምክንያቱም ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ሠርግ ሲደግስ የተሰረዘበትን ሰው አስቡ። በመጀመሪያ ከእድሩ ድንኳን አስመጥቶ አስተከለ። ቀጥሎ ከጎረቤት ወንበርና ብረት ድስት ተዋሰና በድንኳኑ ውስጥ ደረደረ። በሦስተኛው በሬ ሊገዛ ገበያ ወጣ፤ ገንዘቡ አልበቃ አለው፤ ሠርጉም ይቅር ተባለ። ዕቃው የሚመለሰው እንግዲህ በገባበት ተቃራኒ ነው፤ ወንበሩና ድስቱ አስቀድሞ ይወጣል፤ ከዚያ ድንኳኑ ይነቀላል። ድንኳኑን አስቀድሞ የነቀለ ሰው የሰው ዕቃ በሜዳ ላይ በትኖ ይቀራል። ድስቱን ሳይመልስ የረሳ ጎረቤቱን ያስቀይማል። አንዱን ድስት ሁለት ጊዜ መልሻለሁ የሚል ይጣላል። ያልገዛውን በሬ ሊመልስ ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ እብድ ይባላል። ኮድ ግን ይኸን ሁሉ ሲያደርግ ይገኛል፤ እብድ የሚለውም የለም።

የከርነሉ ቋንቋ ሲ ነው። ሲ የተዋሰውን ራሱ አይመልስም፤ የሚመልሰው ጸሐፊው ነው። ስለዚህ በከርነሉ ውስጥ የተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ነው፤ በፈንክሽኑ መጨረሻ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ስም ያላቸው መውጫዎች ይቆማሉ። በሦስተኛው ሥራ ላይ የወደቀ ሰው ሁለተኛውን ወደሚመልሰው መውጫ ይዘልላል፤ ከዚያ ቁልቁል እየወረደ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም አንደኛውን መልሶ ይወጣል። የሚዘልለው «ጎ ቱ» በተባለችው ትእዛዝ ነው።

እዚህ ላይ መምህሮቻችን ቅንድባቸውን ሲያነሡ እናያለን። ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1968 ስለ «ጎ ቱ» ጎጂነት የጻፈውን ደብዳቤ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ፤ አልረሳነውም። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያ ግን አንድ ፈንክሽን ከብዙ ቦታ ሲወጣና የጋራ ጽዳት ሲኖርበት በዚህች ትእዛዝ መጠቀምን ይመክራል። እኛም ከብዙ ንባብ በኋላ ከመመሪያው ወገን ሆነናል። በየመውደቂያው ጽዳቱን ደጋግሞ የሚጽፍ ሰው፣ አንድ አዲስ ዕቃ በተዋሰ ቁጥር ሁሉንም ቦታ ማስተካከል አለበት፤ አንዱን ቦታ መርሳቱም አይቀርም።

ይሁን እንጂ መውጫዎቹም ቢሆኑ ወጥመድ አላቸው። ያው መመሪያ ራሱ የሚያስጠነቅቀው ጥፋት አለ፤ ጸሐፊው ለሁሉም ዓይነት መውደቅ አንድ መውጫ ብቻ ያበጃል። በዚያም መውጫ ላይ አስቀድሞ በትልቁ ዕቃ ውስጥ ያለውን ትንሹን ዕቃ ይመልሳል፤ ከዚያ ትልቁን ይመልሳል። ትልቁ ዕቃ ራሱ ያልተገኘ እንደ ሆነስ? ያላገኙትን ቤት ጓዳ ሊጠርጉ መግባት ነው፤ ከርነሉም በዚያው ይወድቃል። እኛ ይኸን በወረቀት ላይ ስናነበው ቀላል መስሎን ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ከመካከላችን አንዱ የራሱን የቤት ሥራ አምጥቶ አነበበልንና ይኸው ጥፋት ሁለት ቦታ ተገኘበት።

ሌላም ብልሃት አለ፤ መርማሪውን በብዙ የሚያሳስት። «ቦታ የለም» የሚለው ስሕተት በሊኑክስ ቁጥሩ 12 ነው፤ ሲመለስም አሉታዊ 12 ሆኖ ነው። ጠቋሚ የሚመልሱ አንዳንድ ፈንክሽኖች ባጡ ጊዜ ባዶ ጠቋሚ፣ ማለት ዜሮ፣ ይመልሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ የስሕተቱን ቁጥር በጠቋሚው ውስጥ ደብቀው ይመልሳሉ፤ የአድራሻዎቹ ሁሉ የመጨረሻዎቹ 4,095 ለዚህ የተተዉ ናቸው፤ እውነተኛ ዕቃ አይቀመጥባቸውም። ብልሃቱ ቆጣቢ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የሁለተኛውን ዓይነት ፈንክሽን የጠራ ሰው «ባዶ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባዶ ስላልሆነ ደኅና ነው ይባላል፤ አሉታዊ 12ንም እንደ አድራሻ ይዞት ይሄዳል። ጥያቄው ተጠይቋል፤ ለዓይንም ያምራል፤ ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ኮዱን ብቻ በማየት አታገኙትም። የተጠራውን ፈንክሽን ሄዳችሁ ማንበብ አለባችሁ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረንን ታሪክ እንንገራችሁ። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የአድራሻ ክልሎቹን በመዝገብ ይይዛል፤ ይኸ ክልል ከዚህ እስከዚህ ነው፣ መነበብ ይፈቀድለታል፣ መጻፍ አይፈቀድለትም፣ እያለ። እንደ መሬት መዝገብ አድርጋችሁ አስቡት። በመዝገቡ ላይ ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቀዱት ክልሎች ወሰን አላቸው፤ በዚያን ጊዜ ከ65 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። እንግዲህ ይኸን ልብ በሉ። ከአንድ እርሻ መካከሉን ቆርጣችሁ ብትወስዱበት የቀረው እርሻ አንድ አይሆንም፤ ግራና ቀኝ ሁለት እርሻ ይሆናል። አንድ መስመር የነበረው መዝገብ ሁለት መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ ማፍረስ ራሱ ቦታ ይጠይቃል፤ ማፍረስም «አልቻልሁም» ሊል ይችላል። ይኸን ስንሰማ መጀመሪያ ተከራክረናል፤ እንዴት አንድ ነገር መልቀቅ ሊያቅት ይችላል ብለን። ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ስንስለው ግን ዝም አልን።

በሊኑክስ ውስጥ አንድን ክልል ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር ወይም መጠኑን የሚለውጥ «ኤም ሪማፕ» የተባለ አገልግሎት አለ። ይኸ አገልግሎት በሥራው መካከል የሚያፈርሰውን ፈንክሽን ይጠራል። የሚያፈርሰው ፈንክሽን መልስ ይመልሳል፤ ጠሪው ግን መልሱን አልተመለከተም። እንግዲህ ተንኮለኛ ሰው አስቀድሞ መዝገቡን እስከ ወሰኑ ይሞላዋል፤ ከዚያ «ኤም ሪማፕ»ን ይጠራል። ማፍረሱ ይወድቃል፤ ጠሪው ግን እንደ ፈረሰ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ አንድ ነገር ይላል፤ የገጾቹ ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ይላል። በዚህ አለመስማማት ቀዳዳ ገብቶ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሊሆን ይችል ነበር። ፖል ስታርዜትዝ የተባለ መርማሪ ይኸን የገለጸው በፌብሩዋሪ 2004 ነው። የ2.2፣ የ2.4ና የ2.6 ትውልዶች ሦስቱም ተነክተው ነበር፤ በ2.4.25ና በ2.6.3 ታረመ። እርማቱ የተመለሰውን መልስ ተቀብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ በጥቂት መስመር ያለቀ ነገር።

እኛን የገረመን ግን ሌላው ነው። ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ፣ በጃኑዋሪ 2004፣ በዚያው በ«ኤም ሪማፕ» ውስጥ ሌላ ከባድ ጥፋት ተገልጦ ነበር፤ እርሱ የገቡትን ቁጥሮች ወሰን ባለመመርመር የመጣ ነው። ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን ያንን ገጽ ገልጦ አንብቧል ብንል አንሳሳትም። ሁለተኛው ጥፋት ግን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ዓይን የሚያየው የሚፈልገውን ነው። የተጻፈ ስሕተት ይታያል፤ ያልተጻፈ ጥያቄ ግን በገጹ ላይ ስለሌለ አይታይም። የስሕተት ማስተናገጃን መመርመር ከሌላው ምርመራ የሚከብደው በዚህ ነው፤ የሌለውን ማንበብ አለባችሁ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ እንግዳ ነው። በከርነሉ ውስጥ ቦታ የጠየቀ ሁሉ «የለም» ሊባል ይችላል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ጠያቂ መልሱን እንዲመለከት ተጽፏል። በ2014 መጨረሻ ላይ ግን አንድ የቆየ ልማድ በይፋ መከራከሪያ ሆነ፤ ጥያቄው ትንሽ ከሆነና ጠያቂው መቆየት የሚችል ከሆነ፣ አደላዳዩ በተግባር «የለም» አይልም። ትንሽ የተባለው እስከ 8 ገጽ ድረስ ነው፤ ገጹ 4,096 ባይት በሆነበት ማሽን 32 ኪሎ ባይት መሆኑ ነው። አደላዳዩ ባጣ ጊዜ ከሌሎች ላይ ገጽ ለመሰብሰብ ይደክማል፤ ያም ካልሆነ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ የተገደለውም ቦታውን እስኪለቅቅ ጠያቂው ይጠብቃል። ይኸ ደግ ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂው ቁልፍ ይዞ ቢሆንስ? ሊሞት የተፈረደበትም ፕሮግራም ያንኑ ቁልፍ እየጠበቀ ቢሆንስ? አንዱ ሌላው እስኪሞት ይጠብቃል፤ ሌላውም እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፤ ማሽኑ እንዳለ ይቆማል።

የፋይል ሥርዓት ጸሐፊዎች ይኸን በሰሙ ጊዜ አዝነዋል፤ መውደቅን አስበው ጽፈው ነበርና። እንግዲያውስ ልማዱ ይተው፣ አደላዳዩም «የለም» ይበል ቢባል፣ መልሱ የሚያስፈራ ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ የስሕተት መንገዶች በከርነሉ ውስጥ አሉ፤ ብዙዎቹ ለዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሄደባቸውም። ድንገት ቢከፈቱ ምን እንደሚወጣ ማንም ዋስ ሊሆን አልቻለም። ይኸ ለኛ ትልቅ ትምህርት ነበር። «የለም» የሚለውን መልስ ሁሉም ተዘጋጅቶለታል ይባል ነበር፤ ዝግጅቱ ግን ያልተፈተነ ስለ ሆነ መልሱን መስጠት ራሱ አደጋ ሆነ።

(ለተራ ፕሮግራሞች ነገሩ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሊኑክስ በተለመደው አቀማመጡ ለተራ ፕሮግራም ካለው በላይ ቦታ ቃል ይገባል፤ ገጹ የሚሰጠው ፕሮግራሙ ሲነካው ነው። በዚያን ጊዜ ቢያልቅ ስሕተቱ የሚመለስበት ቦታ የለም፤ ግድያው ብቻ ይቀራል። ይኸ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሆን እንለፈው።)

የቅርቡን ታሪክ ደግሞ እንጨምር፤ ይኸ የድሮ ሰዎች ጥፋት ነው የሚል ሰው እንዳይኖር። አዲስ ክልል ወደ መዝገብ የሚያስገባው ፈንክሽን «ኤም ማፕ ሪጅን» ይባላል። እስከ 2024 ድረስ የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር፤ ክልሉን ያዘጋጃል፤ ክልሉ የፋይል ከሆነ የፋይሉን ባለቤት ኮድ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ምርመራዎች ያደርጋል። ከእነዚህ ከኋለኞቹ ምርመራዎች አንዱ ቢወድቅ፣ ግማሽ የተሠራውን ሁሉ ማፍረስ፣ ባለቤቱንም «ተወው» ማለት ያስፈልጋል። ባለቤቱ ራሱ ወድቆ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈተውን ዝጋ ተብሎ እንዳይጠራ መጠንቀቅ አለ። መንገዱ እንደ ተተበተበ ክር ነበር፤ ከዚያም የሀብት መፍሰስና ያልተስማማ ሁኔታ ተገኘ። ሎሬንዞ ስቶክስ የተባለ የከርነሉ ሠራተኛ ባቀረበው ማስተካከያ አስቀድሞ ሊታወቁ የሚችሉት ምርመራዎች ወደ መጀመሪያ ተወሰዱ። ምንም ሳይነካ የሚወድቀው ይውደቅ፤ ከዚያ ሥራው ይጀመር። በኖቬምበር 2024 በወጣው በ6.12 ውስጥ ገብቷል።

ይኸን ባነበብን ጊዜ የሠርጉን ምሳሌ ያመጣው ጓደኛችን ሳቀ። የእናቶቻችን ልማድ ነው አለ፤ የበሬው ገንዘብ በእጅ ሳይገባ ድንኳን አይተከልም። ከዚያ ወዲህ የሰው ኮድ ስንመረምር አስቀድመን የምንጠይቀው ጽዳቱ ትክክል ነውን ብለን አይደለም፤ ይኸ ጽዳት ጨርሶ እንዳያስፈልግ ሥራው በሌላ ቅደም ተከተል ሊደረግ አይችልምን ብለን ነው። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

በማይቻልበት ጊዜ ግን ማንበብ አለ። እኛ ፈንክሽኑን ከታች ወደ ላይ ነው የምናነበው። ከእያንዳንዱ መውጫ ላይ እንቆምና እዚህ ስንደርስ በእጃችን ምን ምን አለ ብለን በእርሳስ ከዳር እንጽፋለን፤ ቁልፍ፣ ገጽ፣ ቆጠራ፣ የመዝገብ መስመር። ከዚያ መውጫው የሚመልሰውን ከጻፍነው ጋር እናስተያያለን። አሰልቺ ነው። ለአንድ ገጽ ኮድ አንድ ሰዓት የፈጀብን ቀን አለ፤ ተጣልተን የተለያየንበትም ቀን አለ። ደግሞ በአስተያየት መስመር ላይ «ይኸ ሊሆን አይችልም» የሚል ጽሑፍ ስናገኝ እዚያ ላይ ቀይ ምልክት እናደርጋለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ጸሐፊው ሊሆን አይችልም ያለበት ምክንያት በሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ ሳይነግረው ይለወጣል።

ማንበብም ብቻውን አይበቃም። ሊኑክስ ከ2007ቱ 2.6.20 ጀምሮ ሆን ተብሎ መውደቅን የሚያመጣ መሣሪያ አለው። የመጀመሪያውን የቦታ ጥያቄ ውድቅ አድርግ ትሉታላችሁ፤ ፕሮግራሙን ታስኬዳላችሁ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ቀጥሎ ሦስተኛውን፤ የሚወድቅ እስኪጠፋ ድረስ። እኛም ይኸን አሠራር ለራሳችን ትንሽ አደላዳይ አበጅተንለታል፤ የተጻፈው በሃያ መስመር ገደማ ነው። በዚያች የማሳያ ቀን ቢኖረን ኖሮ፣ ያ ያልተከፈተ ቁልፍ ገና ቤታችን ሳለን ያቆመን ነበር።

አዳዲስ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ይኸን ሁሉ ምን አደከማችሁ የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ከ2023ቱ 6.5 ወዲህ በከርነሉ የሲ ኮድ ውስጥ ዕቃው ከክልሉ ሲወጣ ራሱ እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮም ሩስት የተባለው ቋንቋ በከርነሉ ገብቷል፤ እርሱም ያልተጠየቀ መልስ ሲያይ ያስጠነቅቃል። ደስ ብሎን እንቀበላቸዋለን። መመለስን መርሳት በእነዚህ ይቀንሳል። ነገር ግን ለጠሪው ምን ይነገረው፣ ግማሽ የሄደው ሥራ ይፍረስ ወይስ ይጠናቀቅ የሚለውን ቋንቋ አይወስንልንም።

በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአምስት ትልልቅ የተከፋፈሉ ሥርዓቶች ላይ የደረሱ 198 ውድቀቶችን መርምረው ነበር። ሥርዓቱን እንዳለ ከጣሉት ውድቀቶች 92 ከመቶው የመጡት ፕሮግራሙ ራሱ በግልጽ ያስታወቀውን ስሕተት ባለማስተናገድ ወይም አሳስቶ በማስተናገድ ነው። እነዚያ ከርነሎች አይደሉም፤ ቁጥሩን ወደ ከርነል አናሻግረውም። ቢሆንም ማሽኑ ተናግሮ ሰው ያልሰማበት ጉዳይ ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያል።

አሁን ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለን፤ የመጣንበትም ዋና ጉዳይ ይኸ ነው። የምንጽፈው ማርክ የሚሰጥበትን ነው፤ ይኸን ብንክድ ዋሾዎች እንሆናለን። በእስካሁኑ የቤት ሥራችን ሁሉ ፕሮግራሙ በትክክል ሲሄድ መልሱ ትክክል ነው ወይ ተብሎ ይታረማል። ቦታ ሲያጣ ምን ያደርጋል ተብሎ የተጠየቀው በዚያች አንዲት የማሳያ ቀን ነው፤ ያም በድንገት። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ፣ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ባሉት ትምህርቶች፣ በመውደቂያው መንገድ ላይ የሚሰጥ ማርክ ይኑር፤ ተማሪውም አስቀድሞ ይወቀው። ደግሞም ከሥሩ ስሙን ያኖረ መርማሪ ከጻፈው ሰው ጋር ማርኩን ይካፈል፤ ሲጎድልም ሲተርፍም። ይኸን የምንለው ለሌላው አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ደርሶን ቢሆን ኖሮ እኛ አራታችን እንደ ጓደኛችን በከፈልን ነበር፤ መክፈልም ይገባን ነበር።

አንድ መምህራችን ይኸን ሐሳብ አስቀድመው ሰምተውት ተቃውመውናል። ጀማሪ ተማሪ ገና መስመሩን ሳያቀና በስሕተት ማስተናገጃ ቢጠመድ ዋናው ሐሳብ ይጠፋበታል፤ አሥር መስመር የነበረው ሠላሳ ይሆናል፤ ይሉናል። በዚህ ትክክል ናቸው፤ የአንደኛ ዓመቱን የተውነው ስለዚህ ነው። ፊርማ ማርክ የሚያስቀንስ ከሆነ ደግሞ የሚፈርም ይጠፋል ብለዋል። በዚህ ግን አንስማማም። ሳያነብ የሚፈርም ይጠፋ ይሆናል፤ ለጓደኛችንም የሚሻለው ስማችን ከሥሩ ባይኖር ነበር፤ ቢያንስ ሌላ አንባቢ ይፈልግ ነበር።

የኅብረቱ ጸሐፊ ሰዓቱ ማለቁን በእጃቸው እያሳዩን ነው። የቅዳሜው ንባብ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምናነበው አንድ ፕሮግራም ራሱን ሲያባዛ የአድራሻ መዝገቡ የሚገለበጥበትን ክፍል ነው፤ ግልበጣው በመካከል ሲወድቅ ምን እንደሚሆን እናያለን። የራሱን ኮድ ይዞ የሚመጣ ካለ አስቀድመን የእርሱን እናነባለን፤ እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ የኛ አልቋል። ያ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያገኘን ወዳጃችንም እስካሁን ነቅቶ ቆይቶልናል።